ባስሪል ያልከፈተው ቦርሳ

ባስሪል የሚኖረው የሰው ዕቃ በማሸግ ነው። ፓዳንግ ከተማ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ተኮልኩለው ከሚያድሩት ጀልባዎች አንዷ ራንቲ ትባላለች። ማዕበል ላይ መንሸራተት የሚወዱ እንግዶችን እየጫነች ወደ ሜንታዋይ ደሴቶች ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። እንግዶቹ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የመንሸራተቻ ሰሌዳ ተሸክመው ከዓለም ዙሪያ ይመጣሉ። ባስሪል ሰሌዳውን ይቀበላቸውና ከሥሩ ያሉትን ክንፎች ይነቅላል፣ አፍንጫውንና ጭራውን ይሸፍናል፣ ከዚያም ጀልባዋ በጉዞ ላይ ስትንገላታ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ አድርጎ መደርደሪያው ላይ ያስረዋል። እሱ ያሰረው ሰሌዳ ተሰብሮ አያውቅም። ደሴቶቹ ጋ ሲደርሱ እንግዶቹ ራሳቸው ኮራል በሚባለው ሹል የባሕር ድንጋይ ላይ ወስደው ይሰብሩታል፤ ያ ደግሞ የእሱ ጉዳይ አይደለም።

ለመሸፈኛ ከሱቅ የሚገዛ ስፖንጅ አያምንም። የሚያምነው አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። የሰፈሩ ሰው ነጠላ ጫማ ሲበጠስበት አይጥለውም፣ ለባስሪል ያስቀምጥለታል። ባስሪል ሶሉን በቢላ ይቆርጥና በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያስረዋል። ባለቤቱ ከልጁ አብልጦ የሚሳሳለት ሰሌዳ የአንድ ዓሣ ሻጭ ጫማ ተጠምጥሞበት ባሕር ሲያቋርጥ ማየት ወደቡ ላይ የሚያስገርመው ሰው የለም።

ይህን ያህል ዘመን የሰው ቦርሳ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ አንድ እምነት ይዟል። ሰው በአፉ ሊዋሽ ይችላል፣ ዕቃ ሲያሽግ ግን አይዋሽም ባይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻውን የመጣ እንግዳ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ፎጣ፣ ሁለት የፀሐይ ቅባት፣ አንድ የሴት ባርኔጣ ተገኘ። ባስሪል ማንንም ሳይጠይቅ ለሰውዬው በመስኮት በኩል ያለውን አልጋ ሰጠው፣ ምግብ አብሳዩንም ትልልቁን ዓሣ እንዲያወጣለት አዘዘው። ሌላ ጊዜ ካልሲዎቹ እንደ ሙሽራ ልብስ የታጠፉለት ጎረምሳ መጣ። እዚያ ደሴት ላይ ካልሲ የሚያደርግ ሰው የለም። ባስሪል ግን ካልሲዎቹን እንደታጠፉ ደረቅ ቦታ አስቀመጠለት፤ እናት ያጠፈችውን ካልሲ እንዴት ብሎ ያበላሻል?

የራሱን ቦርሳ ማንም አይነካበትም። ለጉዞ ሊነሳ ሲል ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ሽርጥና የሶላት ቆብ ወርወር ያደርግበታል፣ አለቀ። ሚስቱ ያርኒስ ይህን ጠባዩን ስለምታውቅ በትዳር ዘመናቸው አንድ መሐረብ እንኳ አስገብታለት አታውቅም።

ስለዚህ ያን ቀን ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ ቦርሳው ታሽጎ፣ ዚፑ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ፣ ከቤቱ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ሲያገኘው እግሩ ቀጥ አለ።

በባስሪል ወገኖች፣ በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ፣ ቤት የሴት ነው። የያርኒስ ቤት የእናቷ ነበር፣ ከዚያ በፊትም የአያቷ። ባል ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል፣ እስከተፈለገ ድረስ ይኖራል። የባስሪል አጎት አንድ ቀን ከሩዝ ማሳ ሲመለሱ ልብሳቸው ተቋጥሮ ደረጃው ሥር ጠበቃቸው። ሚስታቸው አሰናበቻቸው ማለት ነው። ቋጠሮውን አንስተው ወደ እናታቸው ቤት ሄዱና በሩ ላይ ቆመው፣ "እራት ደርሷል?" ብለው ጠየቁ። ቤተሰቡ ስለዚያ ትዳር ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ባስሪል ልጅ ሆኖ ይህን ሲሰማ ሰውዬው ጨዋ ናቸው ብሎ አድንቋቸው ነበር።

አሁን ከቦርሳው ቀና ብሎ በሩን አየ። በሩ ተቆልፏል። ያርኒስ በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጠበሰ ሙዝ ትሸጣለች፤ ስለዚህ መቆለፉ ምንም አልነበረም። ለእሱ ግን ያን ጠዋት የቤቱ ቁልፍ ራሱ የሚሰድበው መሰለው።

ማዶ፣ ሰፈሩ ኤቴክ፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸው አሮጊት ጎረቤት ጃዋኒስ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ቦርሳውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መጥረጊያቸውን አዩ።

"ባስሪል ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?" አሉት። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ቁርሱ ጠይቀውት አያውቁም።

"በልቻለሁ ኤቴክ" አለ። አልበላም።

"አይዞህ።"

"ምኑን ነው አይዞህ የሚሉኝ?"

"እንዲያው ነው። አይዞህ።"

ቦርሳውን ብድግ ሊያደርገው ሲል ወገቡ ነገረው። ሁልጊዜ በአንድ ጣት የሚያንጠለጥለው ቦርሳ ዛሬ በሁለት እጅም እምቢ አለ። ያለውን ነገር ሁሉ አስገብታዋለች ማለት ነው። የገረመው፣ ይህን ያህል ንብረት እንዳለው አያውቅም ነበር። እዚያው ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ ኤቴክ ጃዋኒስ ፊት ግን ቦርሳውን ከሚከፍት ሱሪውን ቢያወልቅ ይቀለዋል። ትከሻው ላይ ጣለውና ቀና ብሎ ሄደ። ኤቴክ ጃዋኒስ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

ወደቡ ላይ ጀልባዋ ራንቲ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። የሚነሱት አመሻሽ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ናፍጣው፣ በረዶው፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ የሩዙ ጆንያ፣ የመጠጥ ውሃው፣ ኮራል ለሚቧጥጠው ቆዳ የሚጨመቀው ሎሚ ሁሉ መግባት አለበት። እንቁላሉን የሚያስገባው ባስሪል ራሱ ነው፣ ለሌላ ሰው አያምንም። ዛሬም አስገባ። ቦርሳውን በሞተሩ ክፍል በር አጠገብ ጥግ አስይዞ ፊቱን አዞረበት።

የሞተር ሠራተኛው ማቴውስ የሜንታዋይ ሰው ነው፤ ከሲቤሩት ደሴት መጥቶ ፓዳንግ ቀርቷል። ወሬ ሳያወራ ሞተር መፍታት አይችልም። ባስሪል የሰሌዳ ማሰሪያዎቹን በዝምታ ሲዘረጋ ጥቂት አየውና አላስችል አለው።

"ምን ሆነሃል? ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው ሆንክብኝ።"

"ምንም አልሆንኩም።"

"እንግዶቹ ይህን ፊት ካዩ ማዕበሉን ሳያዩ ነው የሚፈሩት። አሞሃል?"

"አላመመኝም።"

"ሰው ሞቷል?"

"ያርኒስ ቦርሳዬን ደረጃው ሥር አስቀመጠችው" አለ ባስሪል በመጨረሻ። ማሰሪያውን ነው የሚያየው።

ማቴውስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ የለም።

"እና?" አለ።

"ምን እና አለው? ይሄው ነው።"

"ቦርሳህን ስላሸገችልህ ነው እንዲህ የሆንከው? የኔዋ አንድ ቀን ብታሽግልኝ በግ አርዳለሁ።"

"አንተ አይገባህም። እናንተ ዘንድ ሚስት ናት ወደ ባሏ ቤት የምትመጣው።"

"አዎ። ስትቆጣም እሷ ናት የምትሄደው። የራሷንም ቦርሳ ራሷ ነው የምትሸከመው። እኛ ደሴት ሰው ደጁ ላይ የታሸገ ቦርሳ ካገኘ ይጭነዋል እንጂ አይተረጉመውም።" ማቴውስ ወደ ቦርሳው በአገጩ አመለከተ። "ክፈተውና ገላግለን።"

"ሰሌዳዎቹን ልጨርስ።"

"እንግዶቹ ገና ሆቴል ናቸው። ምን ሰሌዳ አለ?"

"መደርደሪያውን ልጨርስ።"

"ፈርተሃል።"

"ሥራ አለብኝ" አለ ባስሪል።

ፈርቷል። ቦርሳ የአሻጊውን ልብ እንደሚናገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ። ከላይ የበዓል ሸሚዙን ካገኘ አለቀለት፣ ለጉዞ የበዓል ሸሚዝ የሚያሽግ የለም። የሠርጋቸውን ሽርጥ ካገኘማ ጭራሹን። ሳይከፈት እስከቆየ ድረስ ግን ገና ባለትዳር ነው።

መደርደሪያውን ያለአሳቡ እየጠረገ ጥፋቱን ፈለገ። አይጠጣም፣ ቁማር አይጫወትም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። የቀረው ፓምፑ ነው። ከጉድጓዱ ውሃ እየሳበ ወደ ማድቤት የሚልከው ፓምፕ ከጾሙ በፊት ተበላሽቷል። ያርኒስ ያኔ ነገረችው። እሱም "ከጉዞ ስመለስ" አላት። ተመለሰ፤ ግን ሌላ ጉዞ ደረሰ፣ የሌላ እንግዳ ሰሌዳ መጣ። እንደገና ነገረችው። "ከጉዞ ስመለስ።" ጾሙ አለፈ፣ በዓሉ አለፈ፣ እሷ በባልዲ ትቀዳለች። ትናንት ማታ እጇን እያሸች፣ በአክብሮት ወንድሜ እንደማለት፣ "ኡዳ፣ ፓምፑስ?" ስትለው እሱ የአንድ እንግዳ ሰሌዳ ማሰሪያ እየሰፋ ነበር። ቀና ሳይል ያችኑ ቃል ደገመላት። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም። እሱም ዝምታዋን እንደ መልካም ነገር ቆጥሮት ተኛ።

ፓምፕ ባል አያስባርርም ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ግን ነገሩ ፓምፑ ብቻ አልነበረም። አማቱ የሞቱ ጊዜ ባሕር ላይ ነበር። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ የእንግዶችን ሰሌዳ በሸራ ሲሸፍን ነበር። ስለ እሷ ይህን ያህል አስቦ ያውቃል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀና መልሱ ስላላማረው ማሰብ ተወ።

እኩለ ቀን ላይ ኡኒ፣ እትዬ፣ ለሚላት ለታላቅ እህቱ ለሮስማኒዳር ደወለ። የእናታቸው ቤት ያለው እሷ እጅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የደወለው የሚያድርበት ቦታ እንዳለ ለማወቅ ብቻ ነው።

"ኡኒ፣ የኋላው ክፍል ባዶ ነው?"

"ሽንኩርት አለበት። ለምን?"

"እንዲያው ለማወቅ ነው። ሽንኩርቱ ብዙ ነው?"

ሮስማኒዳር ዝም አለች። ዝም ማለት ልማዷ ስላልሆነ ባስሪል ወዲያው ተጸጸተ።

"ባስሪል! አባረረችህ?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ልብስህን ደረጃው ሥር አወጣችው?"

"ቦርሳ ነው።"

"ያው አይደል! ወይኔ ወንድሜን! ደግሞ እኮ ምን ጎደለባት? ማን መሰለቻት እሷ? እኔ እህትህ ሳለሁ ትራስህ ዛሬ እዚያ ቤት አያድርም! አሁኑኑ ሄጄ አመጣዋለሁ!"

"ኡኒ፣ ቆይ እስቲ..."

"የትኛው ነው ያንተ ትራስ?"

"ሰማያዊው" አለ ባስሪል። የተጠየቀውን መመለስ ልማዱ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

የወንድ እህት ትራሱን ከሚስቱ ቤት ይዛ ከወጣች ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። ባስሪል ይህን ያውቃል። ግን የተባረረ ሰው ትራሱ ቢመጣ ምን ይጎድልበታል? ቢያንስ አንገቱን የሚያሳርፍበት ያገኛል። ማንም ፊቱን እንዳያየው ጎመኑን ለሁለተኛ ጊዜ መደርደር ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። ሳቃቸው ከእነሱ ቀድሞ ደረሰ። ባስሪል ሰሌዳዎቹን ተራ በተራ እየተቀበለ ክንፋቸውን ነቀለ፣ ጠርዛቸውን አለበሰ። ያን ቀን ያሰረው አስተሳሰር ከወትሮውም ይበልጥ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። አንዷ ሴት እንግዳ ሰሌዳዋ እንዲህ ሲጠቀለል አይታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችው። ባስሪልም ጎንበስ አለ። የሌላ ሰው ዕቃ ላይ እጁ ስስ መሆኑን ያርኒስ ብታይ ምን ትል ነበር ብሎ አሰበ። ደግሞ ትዝ አለው፤ አይታለች። ቤታቸው በረንዳ ላይ ሲያስርና ሲሰፋ ስንት ማታ ዝም ብላ አይታዋለች።

ከሰሌዳዎቹ ግማሾቹን እንደደረደረ ማቴውስ ከታች ጮኸ።

"ባስሪል! ንብረትህ ሸናብን!"

ከቦርሳው ሥር ውሃ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ መንገድ ሠርቷል፤ ውሃው ወደ ሰሌዳዎቹ ነው የሚሄደው። ባስሪል ለማንም ብሎ ባይከፍተው ለሰሌዳ ሲል መክፈቱ አልቀረም። ተንበረከከና ዚፑን ሳበ።

ከላይ ሦስት ሸሚዝ። የበዓሉ የለበትም። አንድ ሽርጥ፣ የሠርጉ አይደለም፣ ያው የአዘቦቱ። የሶላት ቆቡ። ለወገቡ የሚቀባው ቅባት፣ እሱ ሁልጊዜ የሚረሳው። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከደረቅ የሥጋ ወጥ ጋር፣ ያልበላው ቁርስ። ከዚያ ሥር በአሮጌ ፎጣ የተጠመጠመ ከባድ ነገር አለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ የነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ ታስሯል። አስተሳሰሩ የራሱ የባስሪል ነው፤ ሁለት ዙር፣ ወደ ውስጥ የተመለሰ ቋጠሮ። ለማንም ሰው አስተምሮ አያውቅም፤ አይቶት ካልሆነ በቀር የሚችለው የለም። ፎጣውን ሲገልጠው ፓምፑ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ የቀረውን የጉድጓድ ውሃ ያንጠባጥባል።

ባስሪል ተንበርክኮ ቀረ። ሚስት ልታባርረው ያሰበችውን ባል ፓምፕ አታስይዘውም። ይህ ፓምፕ ተሠርቶ ወደዚያ ቤት መመለስ አለበት፤ የሚመልሰውም እሱ ነው። ቦርሳው ጠዋት የነገረው ይህንኑ ነበር፣ ያልሰማው እሱ ነው። ደስ አለው፣ አፈረም።

ማቴውስ ጎንበስ ብሎ ፓምፑን አየ፣ አገላበጠው፣ በጣቱ ሊያዞረው ሞከረ።

"ዝገት ይዞታል። ጎማዋም አልቃለች" አለ። "ይህ እኮ ሻይ እየጠጡ የሚሠራ ነገር ነው። መቼ ነው የተበላሸው?"

"ከጾሙ በፊት።"

"ከጾሙ..." ማቴውስ ቀና አለ። "እኔ እዚህ አጠገብህ በየቀኑ ሞተር ስፈታ እሷ በባልዲ ትቀዳለች? እኔ ብሆን ከነቦርሳህ አልነበረም የማስወጣህ። ያለቦርሳህ ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ትራሱ ትዝ ያለው። ለሮስማኒዳር ደወለ፣ አታነሳም፤ ሞተር ሳይክል ላይ ናት። ለያርኒስ ደወለ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ያርኒስ ሙዟን ሸጣ ቤት የምትገባበት ሰዓት ደርሷል። ከገባች በሩ ይከፈታል፣ በሩ ከተከፈተ ሮስማኒዳር ትገባለች፣ ሮስማኒዳር ከገባች ያለ ትራስ አትወጣም። ሚስቱ ያላባረረችው ሰው በገዛ አፉ፣ የትራሱን ቀለም ሳይቀር ተናግሮ፣ ትዳሩን ሊያስፈርስ ነው።

ማቴውስ ጎማዋን ከጀልባዋ መለዋወጫ አውጥቶ ሲቀይር ባስሪል ከአጠገቡ እግሩን እየቀያየረ ይቆማል። ሥራው አልቆ የካፒቴኑን ሞተር ሳይክል ቁልፍ ሲያነሱ ካፒቴኑ ደረሰ።

"ወዴት ነው? ሰሌዳዎቹስ?"

"ይቆዩ" አለ ባስሪል።

ካፒቴኑ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ዞር ብሎ አየ።

ማቴውስ እየነዳ፣ ባስሪል ከኋላ ፓምፑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በገበያው መሐል በረሩ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቦርሳው ጠዋት በነበረበት ቦታ የሮስማኒዳር ጫማ ተቀምጧል። ኤቴክ ጃዋኒስ አሁንም ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ከጠዋት ጀምሮ ያን ቦታ ብቻ የጠረጉት ይመስላል። ማቴውስ ፓምፑን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ ባስሪል ደረጃውን ወጣ።

ሮስማኒዳር ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ሰማያዊው ትራስ ጭኗ ላይ ነው። ፊቷ ያልተነካ ሻይ ተቀምጧል። ያርኒስ ትይዩዋ፣ ሽርጧ ላይ የሙዝ ዱቄት እንዳለ፣ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ባስሪል ዓይኗ እንዲህ ሆኖ ያየው እናቷ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ያኔም ዘግይቶ ነው የደረሰው።

"ኡዳ" አለችው፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "በእህትህ ትራስ ከምታስወስድ ራስህ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"አባረርሽኝ ብዬ ነው።"

"እኔ?"

"ቦርሳው ደረጃው ሥር ነበራ።"

"እና ፓምፕ ተሸክሜ ደረጃ ልውጣልህ? ከጉድጓዱ ነቅዬ እዚያ ድረስ ያመጣሁት በስንት መከራ ነው! ሳታየው እንዳትወጣ ብዬ መንገድህ ላይ አኖርኩት። ደግሞ ሰሌዳ እንዲመስልህ ብዬ እንዳንተ አሰርኩት። ሰሌዳ ከመሰለህ ትንከባከበዋለህ አልኩ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮስ?"

"ስንት ጊዜ ልንገርህ?"

ባስሪል እህቱ ጭን ላይ ያለውን ትራስ አየ።

"ቦርሳውን አልከፈትከውም?" አለች ያርኒስ።

"አልከፈትኩትም።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ፈራሁ" አለ ባስሪል። እህቱ ፊት እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ ሚስቱም ፊት እንዲሁ። "ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ፈራሁ።"

ያርኒስ ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች።

"የዓለምን ሕዝብ ቦርሳ ስትከፍት ኖረህ የእኔን ፈራህ" አለች።

"እኔ ደግሞ ሽንኩርቱን በሙሉ አስወጥቼ ነው የመጣሁት" አለች ሮስማኒዳር። የሰማት የለም።

ያን ጊዜ ማድቤቱ ውስጥ ያለ የሆነ ነገር ሳል ያዘው። እንደገና ሳለ፣ ተፋ፣ አጉረመረመ። ከጾሙ በፊት ጀምሮ ክፍት ሆኖ የቀረው ቧንቧ ነው። ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ጀመረ፣ ባዶው የብረት ገንዳ ላይ እየተንጫጫ። ሦስቱም ባሉበት ሆነው አዳመጡት። ከጓሮ ማቴውስ "መጣ?" ብሎ ጮኸ። ማንም አልመለሰለትም።

ያርኒስ ተነስታ ማድቤት ገባች። ቧንቧውን ቶሎ አልዘጋችውም። ባስሪል ከበሩ ሲያያት እጇን ከውሃው ሥር ዘርግታ ቆማለች፣ መዳፏ በባልዲ እጀታ ደድሯል። ይህን መዳፍ ማየት የነበረበት ድሮ ነው። አሁን አየው።

"ኡኒ ሮስማኒዳር" አለች ያርኒስ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ "ትራሱን ወደ ቦታው መልሺው።"

ሮስማኒዳር ትራሱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "እሱስ አይሆንም። ከአልጋው ካነሳሁት በኋላ እኔ መልሼ ባኖረው ነውር ነው። ጃዋኒስ ደግሞ በመስኮት ስታየኝ ነበር። ነገ ሰፈሩ፣ እህቱ ፈርታ መለሰችው ይላል።"

እውነቷን ነው። የወንድ እህት ያነሳችው ትራስ በእሷ እጅ አይመለስም። ሦስቱም ትራሱን አዩት። ባስሪል ዘመኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ ኖሮ ለአንድ ትራስ ቦታ አጣለት።

ያርኒስ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ተመለሰች።

"እንግዲያው እሱ ይዞት ይሂድ" አለች። "ሲመለስ ራሱ ይመልሰው።"

ትራሱን ከሮስማኒዳር ተቀብላ ለባስሪል ሰጠችው። እጁ ላይ ሲያርፍ እጇን ወዲያው አላነሳችም። ቀና ብላ አላየችውም፣ ግን አላነሳችም።

ባስሪል ደረጃውን ወረደ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሰማያዊ ትራስ በብብቱ ሸጉጦ። ለዚያ ሰፈር ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የኤቴክ ጃዋኒስ መጥረጊያ ከእጃቸው ወደቀ።

"አይ ባስሪል ልጄ!" አሉ።

"ኤቴክ፣ ለበረንዳዎ ውሃ ካስፈለገዎት እኛ ቤት ውሃ አለ" አለ ባስሪል። የሰፈሩ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚስቱ ጥላዋለች እያለ እንደሚያወራ ያውቃል። ወሬ ግን እንደ ዛሬ ቀሎት አያውቅም።

ከማቴውስ ጋር ወደቡ ሲደርስ ካፒቴኑ በንዴት በርበሬ መስሎ ቆሟል፣ እንግዶቹም ባልታሰሩት ሰሌዳዎቻቸው ዙሪያ ይንጎራደዳሉ። ባስሪል ማንንም ይቅርታ ሳይጠይቅ ወደ መደርደሪያው ወጣ። መሐል ላይ፣ ምንም ነገር የማይነካው፣ ውሃ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ሁልጊዜ በጣም ውዱ ሰሌዳ የሚተኛው እዚያ ነው። ሰሌዳውን አወረደና ሌላ ቦታ አሰረው። ትራሱን በንጹሕ ሸራ ጠቀለለ፣ አራቱም ጠርዝ ላይ የነጠላ ጫማ ሶል አደረገለት፣ መሐሉ ላይ አስተኛው።

ማቴውስ ከታች ቆሞ ሲያየው ቆየ።

"ትራስ እኮ አይሰበርም" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ባስሪል፣ ማሰሪያውን ሁለት ዙር አዙሮ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ መለሰው።